ሁለቱ የጊጊሪ ሰዓቶች

እ.ኤ.አ. በ1972 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያቋቋመው የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ እንዲሆን ተወሰነ። ዓለምን ሁሉ የሚመለከት የድርጅቱ አካል መቀመጫውን በታዳጊ አገር ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነበር። መሥሪያ ቤቱም ውሎ አድሮ ከካሩራ ደን አጠገብ፣ ጊጊሪ ላይ ሰፈረ።

እዚያ የስብሰባ ጥሪ የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በስዋሂሊ ግን፣ እንደ አማርኛው ሁሉ፣ የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ኬንያዊው «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ቢል ኢትዮጵያዊው አስተርጓሚ አያሻውም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። «ሳአ» እና «ሰዓት» ራሳቸው ዘመዳሞች ናቸው። ፈረንጁ ይህንኑ ሰዓት ዘጠኝ ይለዋል።

የቢሮው ቀልድ የሚወለደው ከዚህ ነው። ቁጥሩን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ «ሦስት» ያለ ሰው እንግዳውን ስብሰባው ከተበተነ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ያስመጣዋል። ሁሉም ይስቃል፤ ሳቁ ግን እኩል አይደፋም። ስህተቱ የሚጻፈው በባለስዋሂሊው ወይም በባለአማርኛው ስም ነው፤ የኮምፒዩተሩ የቀጠሮ ሰሌዳ የሚያውቀው የእኩለ ሌሊቱን አቆጣጠር ብቻ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ጊጊሪ ሲደርስ የሐበሻ ብቻ የመሰለው ሰዓት የበሩ ጠባቂም ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል።