ጠመንጃውና ቀለሁ፦ በ1879 ዓ.ም. በእንጦጦ ስለ ተደረገ አንድ የመሣሪያ ግብይት

ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ወጥቶ የጋራውን ሰንሰለት ወደ ምዕራብ የተከተለ መንገደኛ እንጦጦ ማርያም ይደርሳል። ዛሬ ባሕር ዛፍ የለበሰው ይህ ጋራ በ1870ዎቹ መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ መቀመጫ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በ1879 ዓ.ም. እዚሁ ላይ በተደረገ አንድ የጠመንጃ ግብይት መነሻነት፣ በዚያ ዘመን «አስተማማኝ ጠመንጃ» ማለት ምን ማለት እንደ ነበረ መመርመር ነው። ለዚህ ያነሣሣኝ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ስለ ዶጋሊ ወይም ስለ ዐድዋ በሚጻፉ ልቦለዶችና ተውኔቶች ውስጥ ጠመንጃ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጥይቱም የማያልቅ ሆኖ ሲቀርብ ደጋግሜ አስተውያለሁ። እንዲህ ያለው አቀራረብ የዘመኑን ሰው ዋና ጭንቀት የሚሰውር ይመስለኛል።

ቋንቋችን የጠመንጃዎቹን ታሪክ በስማቸው ይዞልናል። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ፣ መትረየስም እንዲሁ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ስናድር በኢትዮጵያ ምድር የተተኮሰው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዞች ጋር በገጠመ ጊዜ ነበር። ከአፈ ሙዙ ባሩድና አረር የሚጎርስ መሣሪያ የያዘ ወታደር፣ ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘውን በተኩስ ፍጥነት ሊወዳደረው እንደማይችል በዚያን ዕለት ታየ።

ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ሌላ ጠመንጃ ከግብጽ ጦር ጋር መጣ። ይኸውም በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በኢሊየን ከተማ የተሠራው ሬሚንግተን ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በኅዳር ወር በጉንደት፣ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ በጉራ ግብጾችን ድል ሲያደርጉ ይህ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። የራስ አሉላ ሰዎች በጥር 1879 ዓ.ም. ኢጣልያኖችን በዶጋሊ ሲገጥሙም ይህንኑ ምርኮ ይዘው ነበር።

የሬሚንግተን አሠራር ቀላል ነው። ተኳሹ መዶሻውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ከፊቱ ያለውን መዝጊያ በአውራ ጣቱ አሽከርክሮ ይከፍታል፤ አንዲት ጥይት ያጎርሳል፤ መዝጊያውን መልሶ ምላጩን ይስባል። መዶሻው ሲወድቅ ታችኛው ክፍሉ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ስለሚደግፈው፣ ባሩዱ ሲፈነዳ መዝጊያው ወደ ኋላ ሊበረገድ አይችልም። ዋና ዋና ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂትና ወፍራም በመሆናቸው መለዋወጫና የሠለጠነ ጠጋኝ በሌለበት አገር ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ደካማ ጎኑ ቀለሁን በማውጣት ላይ ነው፤ የቆሸሸ ወይም የተበላሸ ቀለህ ሲጣበቅ ተኳሹ በውጊያ መካከል ይቸገራል። ስለዚህ የጠመንጃው አስተማማኝነት ከጥይቱ ጥራት ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ወደ እንጦጦው ግብይት እንመለስ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1878 ዓ.ም. ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ላይ፣ በአውሮፓ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸውን ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች እያንዳንዱን በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ገዝቶ በሸዋ በ40 ፍራንክ ያህል ለመሸጥ ማሰቡን ገልጿል። በዚያው ዓመት ከሸሪኩ ከላባቱ ጋር ለፈረንሳይ መንግሥት ባቀረቡት ጽሑፍ ደግሞ 2,040 ጠመንጃ እያንዳንዱን በ15 ብር፣ 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ደግሞ ሺውን በ60 ብር ሒሳብ እንደሚሸጡ አመልክተዋል። ብሩ ማሪያ ቴሬዛ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ አሮጌ ጠመንጃ የ250 ጥይት ዋጋ ነበረው።

ነገር ግን ራምቦ ሸዋ ሲደርስ ሁኔታው ተለውጦ ቆየው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ወደ እንጦጦ ሲገቡ ከፊታቸው በሐረር የተገኘ የግብጽ መለከት ይነፋ እንደ ነበር፣ ከምርኮውም መካከል እያንዳንዳቸው በሰማንያ ሰው የሚሳቡ ሁለት የክሩፕ መድፎች እንደ ነበሩ ራሱ ራምቦ ጽፏል። ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ በ14,000 ብር ወሰዱት፤ በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት፤ የግመል ኪራይና የላባቱ ዕዳ ተቀንሶ የቀረውንም ከሐረር እንዲቀበል አዘዙ። ራምቦ በዚህ ክፉኛ አማርሯል። እኔ ግን በድርጊቱ ውስጥ የንጉሡን ስስት ብቻ ሳይሆን የመሣሪያ ዕውቀታቸውንም አያለሁ። አዲሱን ለለየ ገዢ አሮጌው ዋጋውን ያጣል።

ቀጥሎ የሆነው ይህን ያጠናክራል። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ኢጣልያ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ባላት ጠብ ምኒልክ ገለልተኛ እንዲሆኑላት 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ተዋዋለች። ከውጫሌ ውል በኋላም መሣሪያ መላኳን ቀጠለች። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያስታወቁት ሁለት ሚሊዮን ጥይት ከኢጣልያ ከተረከቡ በኋላ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ። ጠመንጃ ከተማረከ ወይም ከተገዛ ዓመታት ይቆያል፤ ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ከባሕር ማዶ መምጣት አለበት። የባሕሩ በር ደግሞ በባዕዳን እጅ ነበር። ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ መመንዘሪያ እስከ መሆን የደረሰውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን አስተማማኝ ጠመንጃ የሚባለው ሩቅ የሚመታው ወይም ፈጥኖ የሚተኩሰው ብቻ አልነበረም፤ ጥይቱ ነገም የሚገኝለት ነበር። ይህ ለደራሲዎቻችን ትርጉም ያለው ይመስለኛል። ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ የያዘ ሰው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ለአፍታ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዝናሩን ዳብሶ ስንት እንደ ቀረው ይቆጥራል፤ ልተኩስ ወይስ ልቆጥብ ብሎ ይወስናል። የጀግናው ፍርሃትም ድፍረትም የሚታየው በዚያች አፍታ ነው። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ሰውየውን ወደ ጦር ሜዳ ከመላኩ በፊት ስናድር ይዟል ወይስ ሬሚንግተን፣ በዝናሩስ ስንት ጥይት ቀርቶታል ብሎ ቢጠይቅ ታሪኩም ድርሰቱም ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ።