ምሳሌው ከአማናዊው የቀደመበት ጥበብ

ሰው ትልቁን ነገር አስቀድሞ ሠርቶ ኋላ ትንሹን አምሳል ለመጫወቻ ያበጃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም፣ በአውሮፕላን ታሪክ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ መምህራን የብሉይን ምሳሌ ከሐዲሱ አማናዊ አስቀድመው እንደሚያመሠጥሩት ሁሉ፣ በአየር ጥበብም ሰው የማይጫንበት ትንሹ ክንፍ አስቀድሞ በረረ፣ ሰው የሚጫንበት ትልቁም ተከተለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አልፎንስ ፔኖ የተባለው ፈረንሳዊ ወጣት በ1871፣ በፓሪስ ከተማ በቱይለሪ የአትክልት ሥፍራ፣ የአየር ጉዞ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት፣ በከረረ ላስቲክ ኃይል የሚዞር ፕሮፔለር ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ለቀቀ፤ እርስዋም 11 ሰኮንድ ያህል ቆይታ 40 ሜትር ገደማ በረረች። ምሥጢሯ ጅራቷ ነበረ፤ ፔኖ የኋላውን ትንሽ ክንፍ ከዋናው ክንፍ አንጻር በጥቂቱ አዘንብሎ ስላበጀው፣ አፍንጫዋ ሲደፋም ሆነ ቀና ሲል ያለ ነጂ ራሷን ትመልስ ነበር። ሰው የሚጭነውን ትልቁን ለመሥራት ግን ገንዘብ የሚረዳው አጥቶ፣ በ1880 ገና የ30 ዓመት ጐልማሳ ሳለ በገዛ እጁ ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚልተን ራይት የተባለ የአሜሪካ ጳጳስ ከመንገድ ሲመለስ በፔኖ ንድፍ የተሠራ በላስቲክ የሚነሣ መጫወቻ ለልጆቹ ይዞላቸው ገብቶ ነበር፤ መጫወቻው ሲሰበር ልጆቹ ዊልበርና ኦርቪል ሌላ በእጃቸው ሠሩ። እነዚሁ ወንድማማች በ1903 በኪቲ ሆክ ሰው የጫነውን አውሮፕላን ሲያስነሡ፣ የመጀመሪያው በረራ 12 ሰኮንድ ቆይቶ 37 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሄደ፣ የፔኖ መጫወቻ ከ32 ዓመት በፊት ከበረረችበት ርቀት አልበለጠም።

በራዲዮ ሞገድ ከምድር ሆኖ የመምራቱን ጥበብ ደግሞ፣ በአሜሪካ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንታ ወንድማማች በ1937 «ጉፍ» በተባለችው አውሮፕላናቸው አሳዩ። የጦር ሹማምንትም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ነገር የልጅ ጨዋታ ብለው አልናቁትም። ሬጂናልድ ዴኒ የሚባለው የሆሊውድ ተዋናይ፣ የትንንሽ አውሮፕላን ፍቅሩ ሱቅ አስከፍቶት ሳለ፣ ኋላ የመድፈኞች ዒላማ የሚሆን በራዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ለጦር ሠራዊቱ የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ (በዚያ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ኖርማ ጂን የተባለች ወጣት በአንድ የጦር ፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ገብታ ኋላ ማሪሊን ሞንሮ ስለ ተባለች፣ ዛሬ ፋብሪካውን ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ በእርስዋ የሚያስታውሰው ይበዛል።) በ1942ም የአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ የወዳጅና የጠላት አውሮፕላን መለያ ማስተማሪያ የሚሆኑ 500,000 የእንጨት አምሳያዎች ተማሪዎች እንዲሠሩለት ለትምህርት ቤቶች ጥሪ አደረገ። በዚያው የጦርነት ዘመን እንግሊዞች የመጫወቻ አውሮፕላን የሚሠራበትን፣ ባልሳ የተባለውን፣ በኢኳዶር ደን በጥቂት ዓመታት አድጎ የሚቈረጠውን እጅግ ቀላል እንጨት፣ በሁለት ስስ የኮምፔንሳቶ ገጾች መካከል እያጣበቁ «ሞስኪቶ» የተባለውን ፈጣን የጦር አውሮፕላን ሠሩበት፤ የመጫወቻው እንጨት ወደ አማናዊው ጦርነት ገባ ማለት ነው።

ትንሹን አውሮፕላን በኤሌክትሪክ የማብረሩ ነገር ግን ዘገየ። ታፕሊን የተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል በ1957 በባትሪ ሞተርና በራዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ቢያበርም፣ ባትሪው ከሚሰጠው ኃይል ይልቅ ክብደቱ ስለሚያይል፣ የሊቲየም ባትሪ እስኪመጣ ድረስ ሠሪዎች የሚጮኸውንና ዘይት የሚረጨውን የነዳጅ ሞተር አልተዉም።

ዛሬ ሊቲየሙ ስላለ አንድ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት መዳፍ የምትሸከማት የጦር አውሮፕላን ከነጭ ፎምና ከባልሳ ይሠራል። የፎሙን ክንፍ ለመቍረጥ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ ሁለት ሰዎች በየጫፉ ይዘው በቅርጽ ማውጫው ላይ ይስባሉ፤ የክንፉ ሥር ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ስለ ሆነ፣ በሥሩ በኩል ያለው ፈጠን፣ በጫፉ በኩል ያለው ዘግየት እያለ እኩል መድረስ ይገባቸዋልና፣ በማውጫው ላይ የተጻፈውን ቍጥር ጮክ ብለው ይጠራራሉ። ሽቦው አንድ ቦታ ቢቆም ፎሙ ቀልጦ ይጐደጕዳል፤ ቢቸኵሉበት መካከሉ ወደ ኋላ ይለመጥና ክንፉ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ለክንፉ ግንባር የባልሳ ዘንግ ተጣብቆ በብርጭቆ ወረቀት ይከረከማል፤ ሱፐር ግሉ ግን ነጩን ፎም እንደ በረዶ ስለሚያቀልጠው ለዚህ ሥራ አይነካም። እኔ በበኩሌ ክንፉም ገላውም ከባልሳ ብቻ የተሠራውን አብልጬ እወዳለሁ፤ ሆኖም ከወደቀች በኋላ በአንድ ምሽት ተጠግና በማግሥቱ የምትበር ፎሟ ስለ ሆነች፣ ለጀማሪ ባልሳውን አልመክርም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሚዛኑ ነገር ነው፤ እንደ ጃፓኑ ዜሮ ያሉ አፍንጫቸው አጭር የሆነ የጦር አውሮፕላኖች በአምሳያቸው ጅራተ ከባድ ስለሚሆኑ፣ የቀድሞ ሠሪዎች በአፍንጫቸው እርሳስ ይጨምሩ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን ባትሪውን ከሞተሩ ጀርባ እስኪጠጋ ድረስ ወደ ፊት ይገፉታል።