ወይን መቼ ይለቀም? የቆየ ጥያቄ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት የጓሮ ወይናቸውን ፎቶ ልከውልኝ «ልጄ፣ ቀልቷል፤ ወፍም ጨረሰብኝ፤ ልቁረጠው ወይስ ልታገሥ?» አሉኝ። ይሄ ጥያቄ ስንቱን ሲያስጨንቅ እንደኖረ ላጫውታችሁ።

ፈረንሳይ አገር ቡርጎኝ በሚባለው አካባቢ፣ ድሮ ገበሬው የገዛ ወይኑን በፈለገው ቀን መልቀም አይችልም ነበር። አዋቂዎች ማሳውን ዞረው ያዩና ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ አዋጅ ይነገራል። ከአዋጁ በፊት የለቀመ ይቀጣል። ምክንያቱም ብዙ ነው፦ ሁሉም በየፊናው ከለቀመ የጎረቤትን ዘለላ አብሮ የሚያነሳ አይጠፋም፣ አሥራት ሰብሳቢው መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጥሬውን ለቅሞ የጠመቀ ደግሞ የአገሩን ስም ያበላሻል። በብዙ ቦታ ግን ባለርስቱ ጌታ አንድ ቀን ቀድሞ ይለቅም ነበር። መቼም ጌታ ሁሌ ጌታ ነው!

ከዚያው አካባቢ ቦን የምትባል ከተማ አለች። የታሪክ ተመራማሪዎች የቦንን የለቀማ ቀን ከ1354 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰብስበው አስልተዋል። እስከ 1987 አማካዩ ሴፕቴምበር 28 ነበር፤ በእኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ከ1988 ወዲህ ግን በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። ሙቀቱ ጨምሮ ወይኑ ቶሎ ይደርሳላ! የአባት የለቀማ ቀን ለልጅ አልሠራም።

ጀርመን አገር ደግሞ ዮሐኒስበርግ የሚባል የወይን እርሻ አለ። የለቀማ ፈቃድ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከፉልዳ ነበር። በ1775 መልእክተኛው ዘግይቶ ወይኑ ዘለላው ላይ መበስበስ ጀመረ፤ ምን ይደረግ ብለው ቢጠምቁት ግሩም ጣፋጭ ሆነ ይባላል። እውነት ለመናገር ይሄ ዕድል ነው። በእኛ ዝናብ እንዲህ ብትሞክሩት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፋችሁ ሻጋታ ነው።

ነገሩን ከአዋጅ ወደ ሚዛን ያመጣው ፈርዲናንድ ኧክስሌ የተባለ ጀርመናዊ ወርቅ አንጥረኛ ነው፤ በ1830ዎቹ። አንድ ሊትር ውኃ 1,000 ግራም ይመዝናል። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ 1,080 ግራም ከመዘነ ትርፉ 80 በአብዛኛው በስኳሩ ምክንያት የመጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ሁለት ጠብታ ጭማቂ ብቻ የምትፈልግ በእጅ የምትያዝ መለኪያ አለች።

መለኪያ ለሌላችሁስ? ለአባታችን ያልኳቸውን ልንገራችሁ። መቅላቱ ብቻ አያታልላችሁ፤ ቀለም ከያዘ በኋላም ገና ሳምንታት ይፈልጋል። ወይን እኮ እንደ ሙዝ ተቆርጦ ቤት ውስጥ አይበስልም፤ ጎምዛዛ ከለቀማችሁት ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል። ከዘለላው ላይኛው ሳይሆን ከታችኛው ጫፍ፣ ፀሐይ ከማያገኘው በኩል ቅመሱ። ዘሩን አውጥታችሁ እዩት፦ አረንጓዴ ከሆነ ቆዩ፤ ቡናማ ሆኖ ጥርስ ሲሰብረው ቀጭ ካለ ደርሷል። ከባድ ዝናብ ከመጣ ግን ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ የደረሰውን ከዝናቡ በፊት አንሱ።

አባታችን ከታችኛው ጫፍ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ዘሩም አረንጓዴ ነበር። ለወፉ መረብ ጣል አድርገንበታል። ማክሰኞ ተመልሰን እንቀምሳለን።