የኢየሩሳሌሙ ነቃሽ፦ ከወይራ ማኅተም እስከ ሰው ክንድ

የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ የሚተርፍለት ነገር አለ። ግንበኛ ግንብ ይተዋል፤ ቁም ጸሐፊ ብራና፣ ሠዓሊ የግድግዳ ሥዕል፣ አንጥረኛ መስቀል ይተዋል። ስማቸው ቢረሳ እንኳ ሥራቸው ይናገርላቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ሙያ ግን አለ፤ የነቃሽ ሙያ። የነቃሽ ብራና የሰው ገላ ነው። ይህ ብራና ይተነፍሳል፣ ያረጃል፣ ይሸበሸባል፤ በመጨረሻም ከነጽሑፉ መቃብር ይወርዳል። የአንድ ነቃሽ የዕድሜ ልክ ድካም ሁሉ፣ እርሱን ያወቀው ትውልድ ሲያልፍ አብሮ ከምድር ገጽ ይጠፋል።

እንዲህ ያለ፣ የሠራውን ሁሉ አፈር የሚወስድበት ሙያ እንዴት ከአባት ወደ ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊተላለፍ ቻለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ለውድ አንባብያን ላወጋ የተነሣሁት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሮጌዪቱ ኢየሩሳሌም፣ ከጃፋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ ራዙክ የሚባል ቤተሰብ የንቅሳት ቤት አለ። ራዙኮች በዘራቸው ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ናቸው። በቤተሰቡ ትውፊት መሠረት ሙያውን በግብፅ ምድር ከያዙት 700 ዓመታት ያህል ተቆጥረዋል፤ ከአባቶቻቸው አንዱ ለመሳለም ወደ ቅድስት ሀገር መጥቶ በዚያው ሲቀር መርፌውንና ቀለሙን ይዞ መጣ። ዛሬ በቤቱ የሚሠሩት ዋሲም ራዙክ ራሳቸውን 27ኛው ትውልድ ብለው ይቆጥራሉ።

በቅብጦች ዘንድ ንቅሳት የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም። በቀኝ እጅ አንጓ ላይ የምትነቀስ ትንሽ መስቀል አለች። ልጅ ገና ሳያድግ ትነቀስለታለች፤ ቢጠፋ፣ ወላጅ ቢሞትበት፣ በባዕድ እጅ ቢወድቅ እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ትመሰክርለታለች። ማተብ ይበጠሳል፤ ይህች ግን አትበጠስም። ልማዱም የትናንት አይደለም፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ግድም የነበረው የጋዛው ፕሮኮፒየስ የኢሳይያስን ትንቢት ምዕራፍ 44 ሲተረጉም፣ ክርስቲያኖች በክንዳቸውና በእጃቸው አንጓ ላይ የመስቀልን ወይም የክርስቶስን ስም ምልክት ያደርጉ እንደነበር ጽፏል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ ያለውን ክልከላ የሚጠቅሱ ሊቃውንት አልጠፉም፤ ተሳላሚው ግን ክንዱን መዘርጋቱን አልተወም።

በኢየሩሳሌም የተነቀሱ መንገደኞች ከተዉልን ታሪክ ሁለቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው በ1612 ኢየሩሳሌም የደረሰው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ሊትጎው ነው። ኤልያስ የተባለ የቤተ ልሔም ክርስቲያን በክንዱ ላይ የኢየሱስን ስምና መስቀልን ነቀሰለት፤ ሊትጎው ግን በዚያ አልረካም፤ የንጉሡን የጄምስን ዘውድ አስጨመረበት። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1620፣ በስፔን ማላጋ ከተማ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተያዘና ብዙ ሥቃይ ደረሰበት። አሣሪዎቹም የመናፍቅ ንጉሥ ዘውድ ነው ያሉትን ያንን ምልክት ከሥጋው እንዲቀድዱት አዘዙ። ይህን ሁሉ የተረከው ራሱ ነው። በደስታ ቀን የተጻፈ ምልክት በመከራ ቀን እንደ ክስ ወረቀት ሊነበብ እንደሚችል ከእርሱ እንማራለን።

ሁለተኛው በ1697 ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የደረሰው እንግሊዛዊው ቄስ ሄንሪ ሞንድሬል ነው። እርሱ የአሠራሩን ሥርዓት በዓይኑ አይቶ ጽፎልናል። ነቃሾቹ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ልዩ ልዩ ማኅተሞች ነበሯቸው። ተሳላሚው የወደደውን ይመርጣል፤ ነቃሹ ማኅተሙን በከሰል ዱቄት ነክሮ በክንዱ ላይ ያትመዋል። ከዚያም ሁለት ቀጫጭን መርፌዎችን አንድ ላይ አሥሮ፣ ከባሩድና ከበሬ ሐሞት ተቀምሟል በተባለ ቀለም እንደ ብዕር እያጠቀሰ፣ የታተመውን መሥመር ተከትሎ ይወጋል። በመጨረሻም ቦታውን በወይን ጠጅ ያጥበዋል። እጃቸው ፈጣንና የሠለጠነ ስለነበር ሕመሙ ቀላል፣ ደሙም ጥቂት እንደነበር ሞንድሬል መስክሯል።

የራዙኮች ሀብትም እነዚሁ ማኅተሞች ናቸው። ከወይራ እንጨት የተቀረጹ ናቸው፤ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ጋር፣ ቅዱስ ሚካኤል ከሚዛኑ ጋር በእጅ መዳፍ በሚያዝ ቁራጭ እንጨት ላይ ሰፍረዋል። በ1956 ጆን ካርስዌል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊና የጥንታዊ ጥበባት አጥኚ ወደዚህ ቤት መጣ። ያገኛቸውም አዛውንቱ ያዕቆብ ራዙክን ነበር። ካርስዌል 184 ማኅተሞችን እያንዳንዳቸውን በወረቀት ላይ አትሞ፣ ገልጾ፣ የቅብጦችን የንቅሳት ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ከማኅተሞቹ በአንዱ ላይ 1749 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል።

ያዕቆብ ራዙክ ሌላም ሙያ ነበራቸው፤ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነበሩ። እዚህ ላይ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ብዙ አሰብሁ። ሰው በሕይወቱ የማይፋቀውን ምልክት ከእርሳቸው እጅ ይቀበላል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ያ ክንድ በዚያው እጅ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ያርፋል። የሥራቸውን መጀመሪያና መጨረሻ እንደ እርሳቸው አጥርቶ ያየ የጥበብ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ተስፋ የቆረጡ ሰው አልነበሩም፤ በዚያች ምድር በኤሌክትሪክ መሣሪያ መንቀስን ከጀመሩት ቀዳሚ እንደነበሩ፣ ኃይሉንም ከመኪና ባትሪ ያገኙ እንደነበር ቤተሰቡ ይናገራል። የሙያው ነፍስ በመርፌው ዓይነት ላይ እንዳልሆነች ተረድተው ነበር ማለት ነው።

እኔ የምተዳደረው በባንክ ሥራ ነው፤ ማኅተም ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፊርማ ከፊርማ አስተያያለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ከመስኮቱ ማዶ ከሚቆሙት መካከል በፊርማ ፈንታ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው የሚያትሙ፣ በግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶች አሉ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ማኅተም ብቻውን ከንቱ መሆኑን ነው። የታመነ እጅ ካልያዘው የእንጨት ቁራጭ ነው። እጅም ብቻውን ጎዶሎ ነው፤ ይረሳል፣ ይደክማል፣ ይሞታል። የራዙኮች ቤት የቆመው በሁለቱ ነው፤ በሚያስታውሰው እንጨትና ለመቀበል በሚዘረጋው እጅ።

የሚዘረጋው እጅ ግን ሊታጣ ምንም አልቀረውም ነበር። የያዕቆብ ልጅ አንጦን ሙያውን ተረክበው ለብዙ ዓመታት ሠሩ። ዘመኑ ግን ከፋ። ከ1967ቱ ጦርነት ወዲህ ድንበሩ ተዘጋ፤ ከካምፕ ዴቪድ ስምምነት በኋላም የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ በፖለቲካው ምክንያት ምእመናናቸው ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይሄዱ ከለከሉ። የቅብጦች ነቃሽ ከቅብጦች ተለየ። የአንጦን ልጅ ዋሲምም ሙያውን አልፈለጉትም፤ የሆቴል አስተዳደር ተምረው ነበር፣ ልባቸውም በሞተር ብስክሌት ፍቅር ተይዞ ነበር። አንድ ቀን ግን አባታቸው ለጋዜጠኛ የሰጡትን ቃል አነበቡ። አባት ለልጃቸው በቤት ውስጥ ያልነገሩትን ኀዘን ለእንግዳ ነግረውት ነበር፤ ልጆቼ ስላልፈለጉት ይህ ቅርስ በእኔ ያበቃል የሚል ኀዘን። ዋሲም ይህን ካነበቡ በኋላ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው መርፌ መያዝ ተማሩ።

ውርስ በደም የሚፈስ ነገር ይመስለን ይሆናል። የዋሲም ታሪክ ግን ሌላ ይለናል። 26 ትውልድ ያቆየው ነገር በ27ኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ትወስደኛለህ ወይስ ልለፍ?» ብሎ ጠየቀ፤ የዳነውም በዘር ሐረግ ሳይሆን በአንድ ጎልማሳ ውሳኔ ነው። ዛሬ በዚያ ቤት መርፌው ንጹሕና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ መሣሪያውም ዘመናዊ ነው። ተሳላሚው ከፈለገ ግን የጥንቱ የወይራ ማኅተም ይወጣለታል፤ በክንዱ ላይ ይታተምለታል፤ ከሥሩም የተሳለመበት ዓመት ይጻፍለታል። በፋሲካ ሰሞን ቤቱ ከየአገሩ በመጡ ክርስቲያኖች ይሞላል። የዋሲም ልጆችም ሙያውን መማር ጀምረዋል።

ወደዚያ ቤት ከሚመጡት መካከል የእኛም ወገኖች አሉበት። ነገሩ ለሚያውቀው ሰው አንድ የሚያስደንቅ ምሥጢር አለው። ከዚያ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የሚገኘው ዴር ሡልጣን፣ ኢትዮጵያውያንና ቅብጦች ለዘመናት የተከራከሩበት ገዳም ነው፤ የቁልፉ ጉዳይ በ1970 ተባብሶ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከጣራው ላይ ወንድማማቾች ስለ በርና ስለ ደረጃ ሲሟገቱ፣ ከጣራው በታች ቅብጡ ነቃሽ የኢትዮጵያዊቱን ክንድ ይዞ መስቀል ይነቅስላታል። ከሁለቱ የትኛው ለመንፈሳዊው ጉርብትና የሚቀርብ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ንቅሳት ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በትግራይ፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በጎጃም እናቶቻችን በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው እንደ ድሪ የተደረደረ መሥመር፣ በድዳቸውም ውበት ነው የተባለ ጥቁረት ተነቅሰዋል። የሴት አያቴ አንገት ሦስት ረድፍ ነበረው፤ እርጅና ቆዳዋን ሲያጥፈው መሥመሮቹ እንደ ቆየ መጽሐፍ መስክ ተጠጋግተው ነበር። የነቀሰቻት ሴት ስም ከእርሷ ጋር አለፈ። የእኛ ነቃሾች መርፌ ወይም እሾህና ጥላሸት እንጂ የወይራ ማኅተም አልነበራቸውም፤ ሥዕሉ በዓይናቸውና በጣታቸው ውስጥ ነበር። እጃቸው ሲታጠፍ መዝገቡም አብሮ ታጠፈ።

በዚያችው በቅድስት ሀገር ሌላም ነገር ሆኗል። በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ያደጉ ብዙ የቤተ እስራኤል ሴቶች በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ ንቅሳት፣ አንዳንዶቹም በግንባራቸው መስቀል ይዘው እስራኤል ገቡ። በአዲሱ አገር ምልክቱ የሚያሳፍር ሆነባቸውና በጨረር ለማስለቀቅ ወደ ሐኪም የሄዱ አሉ፤ በ2004 የቆዳ ሐኪሞች በዚሁ ላይ ጥናት አሳትመዋል። አንዲቱ መስቀል ለማስነቀስ ባሕር ተሻግራ ትሰለፋለች፤ ሌላዪቱ ያንኑ መስቀል ለማስጠፋት ትሰለፋለች። በሁለቱም ላይ ልፈርድ አልደፍርም። በሊትጎው ክንድ እንዳየነው፣ ገላ ላይ የተጻፈን ነገር የሚያነብበው ባለቤቱ ብቻ አይደለምና፣ የሚያነብበው ዓይን ሲከብዳት ልታስጠፋው ትችላለች።

የማስጠፋት መብት ግን ሳይመዘግቡ ከመርሳት ይለያል። ካርስዌል በዚያ ዓመት ወደ ሣጥን ሠሪው ቤት ባይገባ ኖሮ የእነዚያ ሥዕሎች ዕጣ በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ በተቀመጡ እንጨቶች ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ይሆን ነበር። በእኛ ዘንድ እንጨቱም የለም፤ ያለው አንገቱ ብቻ ነው፤ አንገቱም ቀን ተቆጥሮለታል። እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ፈቃዷን ጠይቆ፣ የንቅሳቷን መሥመር በወረቀት ይገልብጥ፤ ማን ነቀሰሽ፣ በስንት ዓመትሽ፣ በምን ቀለም፣ ስሙስ ምን ይባላል ብሎ ይጠይቃት። 27ኛው ትውልድ ያደረገው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም፤ አባቱ ሳያልፉ ጠየቀ።

ቀለሙ ይሞታል ከለበሰው ጋራ፣
እጅ ነው የሚተርፈው ሲያወርስ በተራ፤
ያልተቀዳ ማኅተም፣ ያልተጻፈ አንገት፣
አፈር ያነበዋል በወረደች ዕለት።