ቫይረስና የትልቁ አንጀት ካንሰር፦ የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ

በደንዳኔና ከእሱ ቀጥሎ ባለው በመጨረሻው የአንጀት ክፍል ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚነሣው የትልቁ አንጀት ካንሰር በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን የሚመዘገቡበት በሽታ ሲሆን፣ ለመነሻው በአብዛኛው የሚጠቀሱት ዕድሜ፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ አመጋገብ፣ አልኮልና ውፍረት ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን የቫይረስ ጥርጣሬ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። ጥርጣሬው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፣ ፈጽሞም አልተጣለም፤ ታሪኩን ለጥናት የሚያበቃውም ቫይረስ በዕጢ ውስጥ መገኘቱና ዕጢውን ማስነሣቱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዲጋፈጡ ማስገደዱ ነው።

ቫይረስ ካንሰር ሊያስነሣ ይችላል የሚለው ሐሳብ የተጀመረው በዶሮ ነው። በ1908 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች የዶሮ የደም ካንሰር ምንም ሕዋስ በሌለበት ፈሳሽ እንደሚተላለፍ አሳዩ። በ1911 ደግሞ ፔይተን ራውስ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ከአንዲት ዶሮ የተወሰደ ዕጢ ፈጭቶ፣ ባክቴሪያ እንኳ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ የጠለለውን ፈሳሽ ሌሎች ዶሮዎችን ሲወጋ ያው ዕጢ በቀለባቸው። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ግን ነገሩን የአእዋፍ ጉዳይ ነው ብለው አለፉት፤ ራውስም ለግኝቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነበር። በአንጻሩ ዮሐንስ ፊቢገር የጨጓራ ካንሰር የሚመጣው ከትል ነው በማለቱ የ1926ቱን ሽልማት ወስዷል፣ መደምደሚያውም ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ሽልማቱ ለስሕተቱ ፈጥኖ፣ ለእውነቱ ዘግይቶ መድረሱ ተመራማሪዎች ስለ ካንሰርና ተላላፊ ነገሮች ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ መናገራቸው ለምን እንደሆነ በከፊል ይገልጻል።

በሰው ላይ ካንሰር የሚያስነሣ ቫይረስ እንዲገኝ መንገድ የከፈተው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። በርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚያብጥ ዕጢ ደጋግሞ ያይ ነበርና፣ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ በሽታው የሚገኝባቸውን ቦታዎች በካርታ አሰፈረ፤ ሥርጭቱም በሙቀትና በዝናብ መጠን የተወሰነ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ያደረገውን ንግግር የሰማው አንተኒ ኤፕስቲን የዕጢው ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን እንዲላክለት አደረገ፣ በ1964ም ከባልደረቦቹ ጋር ዛሬ የኤፕስቲን-ባር ቫይረስ የሚባለውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየ። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን ያው በርኪት ወደ ብሪታኒያ ከተመለሰ በኋላ ፊቱን ወደ ትልቁ አንጀት ሲያዞር ቫይረስ ፍለጋ አለመሄዱ ነው። በኡጋንዳ ገጠር የትልቁ አንጀት ካንሰር እምብዛም አለመታየቱን መነሻ አድርጎ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎች በራጅ የሚታዩ ጥቃቅን እንክብሎችን እንዲውጡ እያደረገ፣ ዓይነ ምድራቸውንም በራጅ እየመረመረ፣ ምግብ በአንጀት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ለካ። አሰር የበዛበት ምግብ በሚበሉት የኡጋንዳ ገበሬዎች ዘንድ ጉዞው አንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲፈጅ፣ በብሪታኒያ መርከበኞች ዘንድ ከሦስት ቀን በላይ ወሰደ። በ1971 ባወጣው ጽሑፍም ተጠያቂው አሰር የጎደለው ምግብ ነው አለ። ሁለቱንም ጥያቄ የጠየቀው አንድ ሰው፣ መነሻውም በሁለቱም ጊዜ የሥርጭት ካርታ ነበር፤ የመንጋጋው ካርታ ወደ ቫይረስ፣ የአንጀቱ ካርታ ወደ ማዕድ መራው።

ቫይረስን በራሱ በደንዳኔው ዕጢ ውስጥ መፈለግ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1978 ሳይቶሜጋሎ የተባለውና እጅግ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት የሚኖረው ቫይረስ በደንዳኔ ዕጢዎች ውስጥ ምልክቱ እንደተገኘ ተጻፈ፤ በ2002ም ከአላባማ ተመሳሳይ ዘገባ ወጣ፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ግን ሁልጊዜ አላገኙትም። ሐራልድ ዙር ሐውሰን በ1983 የማኅፀን በር ካንሰርን ከፓፒሎማ ቫይረስ ጋር ካያያዘ በኋላ ይህም ቫይረስ በትልቁ አንጀት ተፈልጓል። እዚህ ላይ የሰውነት አሠራር ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ፊንጢጣ ተደራርበው በሚያድጉ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ስለሆነ ለፓፒሎማ ቫይረስ ይመቻል፣ አብዛኛው የፊንጢጣ ካንሰርም የሚመጣው ከእሱ ነው፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲባል ግን ሽፋኑ ንፍጥ አመንጪ የሆነ ነጠላ የሕዋሳት ረድፍ ይሆናል፣ የቫይረሱም ሚና ወዲያው አጠራጣሪ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ያከራከረው ጄሲ የተባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በ1971 ከአንድ የአንጎል ሕመምተኛ የተገኘ ሲሆን፣ የሕዋስን መባዛት የሚገቱ ፕሮቲኖችን አስሮ ሥራ የሚያስፈታ የራሱ ፕሮቲን አለው፤ በሃምስተር አንጎል ሲሰጥም ዕጢ ያበቅላል። በ1999 ሳን ዲዬጎ ላይ በሪቻርድ ቦላንድ የሚመራ ቡድን የቫይረሱን ዘረ መል በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ፣ በጤነኛውም ሽፋን ጭምር፣ እንዳገኘ አስታወቀ። የቫይረሱ ዘረ መል ክብና ጥብቅ ሆኖ የተጠማዘዘ ስለሆነ አስቀድሞ በኤንዛይም ካልተፈታ በምርመራ ሊታለፍ ይችላል የሚለው የቡድኑ ማብራሪያ ክብደት ያለው ነበር። ሌሎች ቡድኖች ግን ፈልገው አጡት። ቫይረሱ ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ሽንት ጋር የሚወጣና በፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ በአፍ ገብቶ በአንጀት ማለፉ ብቻውን የሚያስደንቅ አይደለም። አንዳንዶች ቫይረሱ ካንሰሩን አስጀምሮ ይሰወራል አሉ፤ እንዲህ ያለው መላ ምት ግን የቫይረሱ መኖርም መታጣትም ደጋፊ ማስረጃ ስለሚሆንለት ለፈተና አይመችም። ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 ቫይረሱን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል ከሚባሉት ተርታ አስቀመጠው፤ ይህም የማኅፀን በሩ ቫይረስ ከተመደበበት፣ ከተረጋገጡት ተርታ እጅግ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው።

በዚያው ዓመት ዙር ሐውሰን ራሱ ክርክሩን ወደ ከብት አዞረው። ቀይ ሥጋ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር መያያዙ የታወቀ ቢሆንም፣ እሱ የጠረጠረው በደንብ ባልበሰለ የአውሮፓ ከብት ሥጋ ውስጥ ሙቀት የሚቋቋም ቫይረስ እንዳለ ነበር፤ በሥጋ በሚኖሩት፣ ያክ በሚያረቡት ሞንጎሎች ዘንድ በሽታው አነስተኛ መሆኑንም በማስረጃነት አቀረበ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህ ሐሳብ ጆሮ መሳቡ አይቀርም፤ ነገር ግን ጣቱን የቀሰረው በአውሮፓ የከብት ዝርያ ላይ እንጂ የኢትዮጵያ ከብት በአብዛኛው እንደሆነው ሻኛ ባለው ዜቡ ላይ አልነበረም፣ ደራሲው በ2023 እስኪሞት ድረስም መላ ምት ከመሆን አላለፈም።

በ2012 ከቦስተንና ከቫንኩቨር የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ በዕጢው ውስጥ ያለውን ባዕድ ዘረ መል ሳይመርጡ ሲያበጥሩ ጎልቶ የወጣላቸው ቫይረስ ሳይሆን ፉሶባክቴሪየም የተባለ፣ መኖሪያው አፍ የሆነ ባክቴሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ ወደ ውይይቱ የተመለሰው በሌላ በኩል ነው፤ በ2018 የሚሺጋን ተመራማሪዎች የካንሰር ሕሙማንን ዓይነ ምድር ከጤነኞች የለየው የቫይረሶች ስብስብ በአብዛኛው ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለትም የሰውን ሕዋስ ትተው ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች፣ እንደሆነ ጽፈዋል፤ የአንጀትን ባክቴሪያዎች አሰላለፍ በመለወጥ በተዘዋዋሪ ለበሽታው መንገድ ያመቻቹ ይሆናል የሚል ግምትም አቅርበዋል።