የኛ (የሙዚቃ ቡድን)

የኛ አምስት ሴት ድምፃውያን ያሉበት ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ ቡድን እና በዚሁ ስም የቀረበ የሬዲዮ ድራማ ነው። ሁለቱም በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. (አፕሪል 2013 እ.ኤ.አ.) ተጀመሩ። ድራማው ከአዲስ አበባ ሌላ የተሰራጨው ባሕር ዳር መናገሻው በሆነችው በአማራ ክልል ነበር።

የቡድኑ አባላት ለምለም ኃይለሚካኤል፣ ጠረፍ ካሳሁን፣ ዘቢባ ግርማ፣ ኢየሩሳሌም ቀለመወርቅ እና ራሔል ጌቱ ነበሩ። አምስቱም ዘፋኝና ተዋናይ ነበሩ። በድራማው ውስጥ ሚሚ፣ ሜላት፣ እሙዬ፣ ሳራ እና ለምለም የሚባሉ ልጃገረዶች ይገኛሉ፤ አንዷ ጎዳና ያጠነከራት፣ ሌላዋ የከተማ ቅምጥል ናት። በሙዚቃ ይገናኙና ባንድ ይመሠርታሉ። ከድራማው ቀጥሎ አድማጮች የሚወያዩበት ዝግጅት ይቀርብ ነበር።

አማራ ክልል የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በክልሉ ከ25 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ሕጉ ደግሞ 18 ዓመት ይላል። ድራማው ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትንና ከትምህርት መቅረትን በጓደኛሞች ታሪክ አድርጎ አቀረበ። ሬዲዮ የተመረጠውም በጊዜው ኢንተርኔት ያልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ስለሚያዳምጡት ነው።

የመጀመሪያው ዘፈናቸው «አቤት» ነው። «ጣይቱ» የተባለውን ደግሞ ከአስቴር አወቀ ጋር ተጫውተውታል፤ ርዕሱ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ስም የያዘ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት የኛን የሚያውቀው ድራማውን ሰምቶ ሳይሆን እነዚህን ቪዲዮዎች በዩቲዩብ አግኝቶ ነው። ዘፈኖቹ ያለ ድራማውም ይደመጣሉ፤ የቡድኑ ትልቁ ስኬት ምናልባት ይህ ነው።

የኛ በራሱ ተነሣሽነት የተሰባሰበ ቡድን አልነበረም። ያቋቋመው ገርል ኢፌክት የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘቡ በከፊል ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ዕርዳታ ይመጣ ነበር። ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ጋዜጣ ቡድኑን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ የዕርዳታ ብክነት ምሳሌ አደረገው። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. (2009 ዓ.ም.) በሚኒስትር ፕሪቲ ፓቴል የሚመራው መሥሪያ ቤት ድጋፉን አቋረጠ። የሰጠው ምክንያት ገንዘቡን በተሻለ መንገድ ማዋል ይቻላል የሚል ነበር። ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው ድራማውን በአማርኛ ሊሰሙት በማይችሉ ሰዎች መካከል መሆኑ ልብ ይሏል።

«የኛ» የሚለው ስም በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተሻግሯል። ራሔል ጌቱ በግሏ መዝፈኗን ቀጥላ አልበም አሳትማለች።

የኛ የድምፃውያን ቡድን እንጂ መሣሪያ የሚጫወት ባንድ አይደለም፤ ስልቱም ፖፕ ነው። ለሮክ ቅርብ የሆነው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ከአራቱ ድምፃውያኑ ሁለቱ፣ ኃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ፣ ሴቶች ነበሩ። ጊታሩንም ከበሮውንም ሴቶች ይዘው ሄቪ ሜታል ለሚጫወቱበት ቡድን በ2014 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ተማሪዎች የተመሠረተው ቮይስ ኦፍ ባቼፕሮት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቡድኑ በ2024 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ተጫውቷል።