ኢስናድ የሌለው ታሪክ

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ከየቤታችን ሳሎን አይርቅም። በመድረሳችን ስለ ኦቶማኖች አነሳስ ስናስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «የኤርቱግሩል ሸይኽ ኢብን ዐረቢ ነበሩ» አለን። የት እንዳነበበው ጠየቅነው። አላነበበም፤ በቴሌቪዥን አይቶታል። ማስረጃ የለውም ስንለው ከፋውና «ታዲያ ኤርቱግሩልም ውሸት ነው?» አለ። ጥያቄው ለእኛም ለወላጆችም ነው።

«ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል» የተሰኘው ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በቱርክ መንግሥታዊ ቴሌቪዥን በ150 ክፍሎች ተላልፏል። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ጠቅላላው ወደ 300 ሰዓት ይጠጋል። ስለ ሰውየው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን አንድ ገጽ አይሞላም። በዘመኑ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ የለውም። በልጁ በዑስማን ስም የተቀረጸ ሳንቲም የአባትየውን ስም ይጠቅሳል። እንደ ዓሺቅ ፓሻዛዴ ያሉ የኦቶማን ታሪክ ጸሐፊዎች የጻፉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ እርሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አባቱ ሱለይማን ሻህ ነው ወይስ ጉንዱዝ አልፕ በሚለው እንኳ አልተስማሙም። የቀረውን ሰዓት የሞላው የደራሲው ብዕር ነው።

ሁለት ምሳሌ እንመልከት። ኢብን ዐረቢ በአንደሉስ ሙርሲያ እ.ኤ.አ. በ1165 ተወለዱ። ስለ አስተምህሯቸው ዑለማእ የተለያዩበትን ለጊዜው እንተወውና፣ በቆንያና በመለጥያ የቆዩበት ጊዜ እንደነበረ እሙን ነው። ይሁን እንጂ ከ1223 ገደማ ጀምሮ እስከ ሞቱበት 1240 ድረስ መኖሪያቸው ደማስቆ ነበር። ከኤርቱግሩል ጋር መገናኘታቸውን የሚናገር የዘመኑ ጽሑፍ የለም። ሁለተኛው ሰዕደዲን ኮፔክ ነው። በድራማው በኤርቱግሩል ሰይፍ ይሞታል። የሴልጁክ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ቢቢ ግን ያስገደለው ሱልጣን ጊያሡዲን ኬይኹስረው መሆኑን ጽፏል።

ይህን ስንል ድራማውን ለመኮነን አይደለም። ሠሪዎቹም ታሪኩና ገጸ ባሕርያቱ ከታሪካቸው የተነሡ መሆናቸውን እንጂ ታሪኩ ራሱ መሆናቸውን በመግቢያቸው አልተናገሩም። ብዙ ወጣት ስለ ሙስሊሞች ታሪክ መጠየቅ የጀመረው በእርሱ ሰበብ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ችግሩ ያለው መልሱንም ከዚያው ስንፈልግ ነው።

ውድ አድማጮቻችን! እኛ እኮ የኢስናድ ኡመት ነን። የሐዲስ ዑለማእ አንድ ሰው «ከእገሌ ሰማሁ» ሲል፣ እገሌ መቼ ሞተ? ይህኛው መቼ ተወለደ? በአንድ አገር ተገናኝተዋል ወይ? ብለው ይጠይቁ ነበር። በዓመታት ቆጠራ ብቻ የተጋለጠ ውሸታም ብዙ ነው። ለቴሌቪዥኑስ ይህን ጥያቄ ለምን እንነፍገዋለን?

ለዚያ ልጅ የመለስንለት እንዲህ ነው፦ ኤርቱግሩል ነበረ፤ ሳንቲሙ ይመሰክራል። ከሸይኹ ጋር የተነጋገረው ግን የደራሲው ነው። ይህን ለይቶ ያልተማረ ልጅ፣ ነገ አንድ ሰው ድራማውን ቢያፈርስበት እውነተኛውንም ታሪክ አብሮ ይጥለዋል። ዛሬ በኤርቱግሩል የሳትነው ደግሞ ነገ በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ሲራና በሶሐቦች ታሪክ ላይ እንዳይደገም እንሰጋለን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር እዩ። ሲያልቅ አንድ ስም ምረጡና የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት፣ ማን እንደጻፈለትና መቼ እንደጻፈ ከመጻሕፍት አብራችሁ ፈልጉ። ካላገኛችሁ «አላሁ አዕለም» ማለትን አስተምሯቸው። እርሱም ዕውቀት ነው።

አላህ ሐቁን ለይተው ከሚከተሉት ያድርገን።